ማሽኑ እምቢ ያለው ቆዳ

ረቡዕ፣ ኅዳር 3 ቀን 2007 ዓ.ም.፤ ጧት

ዛሬም ከግራ መንጋጋዬ ሥር ጀመርኩ። እልከኛዋ እዚያ ናት። በወረንጦ እይዛታለሁ፣ ትንሸራተታለች። እይዛታለሁ፣ ትሰበራለች። ተሰብራ የቀረች ደግሞ ትብሳለች፤ ቆዳ ውስጥ ተጠቅልላ ታብጣለች፣ ስትድን ጥቁር ነጥብ ትታልኝ ትሄዳለች። መስታወቱ መስኮቱ ደፍ ላይ ነው። በሩ ተቀርቅሯል። እናቴ ግቢ ውስጥ ውዱእ እያደረገች ነው፣ የማንቆርቆሪያዋ ውኃ ይሰማኛል። እሷ ሰግዳ ሳትጨርስ መጨረስ አለብኝ። የኔ ሱብሒስ? ያልፋል። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ለጺም ብዬ ሶላት አሳልፋለሁ።

አዎ፣ ጺም። ላንቺ ለደብተሬ ካልጻፍኩት ለማን ልጽፈው ነው? አንቺ እንደሆንሽ አትስቂም።

ሃያ ስድስት ዓመቴ። የአራተኛ ክፍል መምህርት። በጥር ኒካህ አለብኝ። አገጬ ላይ ደግሞ እንደ ጎረምሳ ይበቅልብኛል። አህመድ አያውቅም። ጨፋ ሮቢት ግብርና ጽ/ቤት ነው የሚሠራው፤ ከሚሴ ሲመጣ ቀትር ላይ ነው፣ ጧት የለቀምኩትን ቀትር ላይ ማንም አያየውም። ከተጋባን በኋላስ? ጧት አብረን ልንነሣ ነው። ያኔ የት እገባለሁ? 

እናቴ አሰላመተች። ልነሣ።

ያው ዕለት፣ ከ/ሰዓት

ዘምዘም መጣች። የአክስቴ ልጅ፣ ዓምና ከጅዳ ካባረሯቸው ጋር የተመለሰችው። በአንድ ሻንጣ ሄደች፣ በአንድ ሻንጣ ተመለሰች። ገና ከመግባቷ አገጬን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ዓይነ ደረቅ ናት፣ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። እጇን መታሁት። ሳቀች።

ይኼ እዚያ እንደ ጉድ አይቆጠርም አለችኝ። በቤቷ ትሠራላት የነበረችው መዳሟም ነበራት፣ አገጯ ላይም እግሯ ላይም። በሌዘር አስጨረሰችው። ሌዘሩን ይዛ የምታበራላት ራሷ ዘምዘም ነበረች። በኋላ መዳሟ አዲስ ገዛች፣ አሮጌውን ለሷ ሰጠቻት። አሁን ሻንጣው ሥር በፎጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ካርቶን የለው፣ የአጠቃቀም ወረቀት የለው፣ ማሽኑ ብቻ። ቅዳሜ ላምጣው? አለች። እሺ አልኩ። ወዲያው ነው እሺ ያልኩት፣ ሳላስብ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፤ 10 ሰዓት

ማሽኑ ነጭ ነው። አፍንጫው የተቆረጠ ፀጉር ማድረቂያ ይመስላል። ጫፉ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታክል መስኮት አለችው፣ ቁልፉን ሲጫኑት ትበራለች። ከጎኑ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር። ዘምዘም አምስት ላይ አደረገችው። ለመዳሟ ሁልጊዜ አምስት ነበር፣ እጇ ለምዶታል።

መጀመሪያ በራሷ ከንፈር ላይ። ቦግ አለ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ላስቲክ ወጥረው ሲለቁበት እንደሚቆጠቁጠው ነው፣ ሌላ ምንም የለውም አለች። ከንፈሯ ትንሽ ቀላ፣ አለቀ። ዘምዘም ቀይ ናት፤ ጥፊ እንኳን ስትቀምስ አምስቱም ጣት ይታያል።

ከዚያ የኔ ተራ። አገጬ ላይ አሳረፈችው፣ ተጫነችው። ምንም። አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም አለች። እንደገና። ቀይ። ጉንጬ ላይ። ቀይ። ዘምዘም የከሚሴን መብራት ረገመች፤ ኃይል የለውም፣ የጅዳ መብራት እንዲህ አይደለም። ከጎረቤት የቴሌቪዥን ስታብላይዘር ለምኜ አመጣሁ። ሰካነው። ቀይ። ፍሪጁን ነቀልን፣ አምፖሉን አጠፋን። ቀይ። በራሷ ክንድ ሞከረችው፣ ቦግ። በኔ፣ ቀይ። ዲዴ፣ ዲዴ አለች። እምቢ አለ ማለቷ ነው፤ ስትናደድ ኦሮምኛው ይቀድማታል።

እጅጌዬን ሰበሰብኩና ክንዴን በውስጥ በኩል ሰጠኋት። ፀሐይ የማያየውን። እዚያ በራ። ወደ ፊቴ ሲመጣ እምቢ። ያኔ ለሁለታችንም ገባን።  ከዚያ ዘምዘም በሳቅ ፈረሰች፣ እኔም ሳቅኩ፣ እየሳቅኩ እንባዬ መጣ። ከሳውዲ ድረስ መጥቶ ጠይም አልነካም ይላል? ጠይም የመልክ ቁንጮ ነው ሲሉኝ ነው ያደግኩት። ለማሽኑ ማን ይንገረው።

ተናድጃለሁ። በሰው ብናደድ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ከት/ቤት ስመለስ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ሙሽራ ቆማለች። ፎቶ አንሺው ራሱ ፓውደር እየቀባት ነው፣ እንደ ልማዱ። ካልነጣች ካሜራው አያነሣትም ባይ ነው። ፊቷ ነጭ፣ አንገቷ የራሷ። ሚዜዎቿ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ቆሜ አየኋት።

ካሜራውን ያታለለ ማሽኑን አያታልልም?

ለዘምዘም ደወልኩ። በስልክ እልል አለች። እኔ ሦስት ዓመት ከነሱ ጋር ኖሬ ያልመጣልኝን አንቺ ቁጭ ብለሽ አሰብሽው አለችኝ። ኮራሁ። ዛሬ ደስ ብሎኛል፣ መጥፎ ነገር አልጽፍም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፤ 11 ሰዓት

በራ!

የሕፃን ፓውደር ነው። ከአገጬ እስከ ጆሮዬ ሥር ደህና አድርጋ ለቀለቀችኝ። እናቴ ለቅሶ ሄዳለች። ዘምዘም ቢስሚላህ አለች፣ ተጫነች፣ ቀይዋ መብራት አልበራችም፣ ቦግ። ጮህኩ። ላስቲክ አይደለም። የጋለ ማንኪያ ነው። ቤቱ የሚለበለብ የበግ እግር ሸተተ። ፀጉሩ ነው፣ ፀጉሩ እየሞተ ነው አለች። መዳሟም መጀመሪያ መጀመሪያ ትጮህ ነበር። በርቺ ሆዴ፣ ለጥር ነው።

በረታሁ። አገጩን ጨረሰች፣ ግራ መንጋጋ፣ ቀኝ መንጋጋ፣ ወደ ጉንጬም ወጣች። መስኮቷን እያነሣች ከጎን እያሳረፈች። መሃል ላይ ይብቃኝ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። የአህመድ ፊት መጣብኝ፣ ጧት፣ ከአልጋ ሲነሣ። ዘጋሁት።

አሁን ከሱቅ ያስመጣሁትን ቀዝቃዛ የለስላሳ ጠርሙስ በግራ እጄ አገጬ ላይ ይዤ እጽፋለሁ። ጽሕፈቴ ቢጣመም ለዚያ ነው። ይጠዘጥዛል። ግን በራ።

እሑድ፣ ኅዳር 14፤ ጧት

ያ አላህ። ያ አላህ ምን አደረግኩ።

መስኮቷ ፊቴ ላይ ታትማለች። አንድ ቦታ አይደለም፣ ባረፈችበት ሁሉ። ጎን ለጎን፣ እንደ ብሎኬት ግድግዳ። አብጧል። አንዳንዱ ውኃ ቋጥሯል። የዘምዘም ከንፈር እኮ በነጋታው ምንም አልነበረውም!

ደወልኩላት። መዳሟ እንዲህ ሆና አታውቅም አለች። ደጋግማ እንዲህ ሆና አታውቅም አለች፣ ልክ እኔ አጥፍቼ እንዳበላሸሁት። ከዚያ አለቀሰች።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ት/ቤት። የሂጃቤን ጫፍ እስከ አፍንጫዬ ጠቅልዬ ገባሁ። ጥርሴን ነው አልኩ። ር/መምህሩ ጥርስ ከሆነ አስነቅሎ መገላገል ነው፣ ሙሽራ ጥርሷን ይዛ አትሰቃይም ብሎ ቀለደ። ቢሮው ሳቀ። እኔም በጨርቁ ውስጥ የሳቅሁ መሰልኩ። ስስቅ ቆዳው ይወጠራል፣ ያመኛል።

ልጆቹ ጸጥ ብለው ነው የዋሉት። ቲቸር ታማለች ብለው ይሆናል።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ውኃ የቋጠረው ፈነዳ። መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ሰውየው ምን አቃጠለሽ? ዘይት ነው አልኩ። ዘይት በካሬ ያቃጥላል? አለኝ። የቃጠሎ ቅባት ሰጠኝ።

ቤት ስገባ እናቴ ሂጃቤን በእጇ ገለጠችው። ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። መደቡ ላይ ቁጭ አለችና ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጄ፣ ምን ጎደለሽ? ማን ጎደሎ ነሽ አለሽ? አለችኝ። ስለ ጺሙ ስነግራት፣ ለካ ታውቃለች። ሁልጊዜም ታውቃለች። እሷም በኔ ዕድሜ ነበራት። አባቴ አይቶ ምንም አላለም፣ ልጅ ወልዳ ጊዜው ሲደርስ ረሳችው። ይህን ሁሉ ዓመት ጎን ለጎን ተኝተን አንዳችን ለአንዳችን አልነገርንም።

ተናደድኩባት። ከዚያ ጭኗ ላይ ተኛሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 28

ቅርፊቱ ወደቀ። ቀልቶ ይወጣል ብዬ ነበር። ጠቁሮ ወጣ። ከራሴ መልክ ይልቅ በጣም የጠቆረ፣ ተራ በተራ፣ ከአገጬ እስከ ጆሮዬ። አገጬ መሃል ላይ፣ ደጋግማ ያሳረፈችበት ቦታ፣ አንዲት ነጭ አለች። ድፍን ነጭ። ቀለም አልባ። ከሁሉም እሷን እፈራታለሁ።

ፀጉሩስ? የለም። በእጄ ዳበስኩት፣ ልስልስ ያለ ነው። ስንት ዓመት የተመኘሁት ልስላሴ ይኸው።

ዘምዘም ከጅዳ ያመጣችውን የሚያነጣ ክሬም ይዛ መጣች። ሁለት ቀን ቀባሁት፣ አንገበገበኝ፣ ተውኩት። አሁን ደንበኛ አላት። ሁለት ቀያይ ሴቶች ከባቲ መንገድ ሠርታ ምንም አልሆኑም። የመጀመሪያ ገንዘቧ ነው ከመጣች ወዲህ። ስታወራ ፊቷ በርቷል። ፊቴን እያየች ነው የምታወራው፣ ግን አታየውም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

ሀያት ደወለች። የአህመድ እህት። ሰርጋችን አብሮ ነው፣ በአንድ ድንኳን፣ በአንድ ድግስ፤ እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች። አባቷን የመሰለች ጥቁር ናት፣ የጠራች ጥቁር። እናቷ ቀይ ስለሆነች ከልጅነቷ ጀምሮ ይቀልዱባታል፤ ከገበያ የተገኘች ይሏታል። እንደማትወደው ከዓይኗ አይቻለሁ።

እያፈረች እያፈረች ጠየቀችኝ። ከላይኛው ከንፈሯ ላይና ከአገጯ ሥር አላት። ዘምዘምን አግኝታታለች። ዘምዘም ሩቂያን ጠይቂ፣ የሷ ድምጥማጡ ጠፍቷል ብላታለች። እውነት ነው? ጠፍቷል?

ጠፍቷል አልኩ።

ደስ አላት። አልሃምዱሊላህ አለችና ዘጋች። ስልኩን ይዤ ቀረሁ። ውሸት አልተናገርኩም እኮ። ጠፍቷል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4፤ ከደሴ ስመለስ

እናቴ ናት የወሰደችኝ። የቆዳ ሐኪም፣ የግል ክሊኒክ። በኒቃብ ገባሁ፣ ገለጥኩ። ዶ/ሩ ወጣት ነው። አልደነገጠም፣ አልሳቀም። ማሽኑ ምን ዓይነት እንደነበር፣ በስንት ቁጥር፣ ስንት ጊዜ፣ ሁሉን ጠየቀ። ሌዘር ይሉታል እንጂ የሌዘር ዘመድ ነው፣ የሚያደርሰው ጉዳት ግን አንድ ነው አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብርሃኑ ጥቁር ነገር ነው የሚፈልገው። ጥቁር ሲያገኝ እዚያው ይቀራል፣ ይግላል። ጥቁር ጃንጥላና ነጭ ጋቢ ጨፋ ሜዳ ላይ አስጥተሽ በእጅሽ ዳብሽ፣ የቱ ያቃጥላል? አለኝ። ነጭ ቆዳ ላይ ብርሃኑ ቆዳውን አልፎ ፀጉሩ ሥር ይደርሳል፣ እዚያ ይግላል፣ ፀጉሩ ይሞታል፣ ቆዳው ደህና። በኔ ግን ቆዳዬም ጥቁር አለው። ብርሃኑ ፀጉር ይሁን ቆዳ አይለይም። ገና ከላይ ቆዳው ውስጥ ቀርቶ ያቃጥለዋል። የተቃጠለ የኛ ቆዳ ደግሞ ዝም ብሎ አይድንም፤ ወይ ተቆጥቶ ይጠቁራል፣ ወይ ቀለም የሚሠራው ይሞትና ይነጣል። አንዳንዱ ላይ ጠባሳው ያብጣል። በኔ መጥቆሩም መንጣቱም ሆነ።

ለኛ ቆዳ የሚሆን ሌላ ዓይነት አለ፣ ጠልቆ የሚሄድ፣ እያቀዘቀዘ። እሱም በሚያውቅ ሰው እጅ፣ በትንሹ ተጀምሮ፣ መጀመሪያ አንዲት ቦታ ተሞክሮ ሳምንታት ተጠብቆ።

ስለ ቀይዋ መብራት ጠየቅሁት። የማሽኑ ዓይን ናት አለ። መልክ ትለካለች። ጠቆር ያለ ሲሆን ያቃጥላል ብላ ትዘጋለች። እምቢ ያለው ላንቺ ብሎ ነበር፣ በፓውደሩ ዓይኑን ሸፈናችሁበት።

እኔ ንቆኝ መስሎኝ ነበር። እናቴ ስታለቅስ አየኋት። እኔ አላለቀስኩም።

ጥቁሩ ይለቃል፤ በወራት፣ ምናልባት በዓመት። ፀሐይ አይንካሽ፣ የሚያነጣ ነገር እንዳትቀቢ። ነጯስ? ልትመለስም ትችላለች፣ ላትመለስም ትችላለች። ቃል አልገባልሽም አለ።

ወጥቼ መኪና ውስጥ ገብቼ፣ ኮምቦልቻን ስናልፍ ነው የመጣልኝ። ሀያት። ዶ/ሩ ካንቺ የጠቆረች ብትሆን ኖሮ ከዚህ ይብስ ነበር ብሎኛል እኮ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ዘምዘም ቤት ሄድኩ። ዶ/ሩ ያለኝን ሁሉ ነገርኳት። ፊቷ ጠቆረ። ካንቺ በኋላ የሠራኋቸው ሁለቱ ምን ሆኑ? ምንም። ያንቺ ቆዳ ነው ነገረኛ አለች። ቀያይ ስለሆኑ ነው አልኳት። እንግዲያው ለሀያት ቀነስ አደርጋለሁ፣ ሦስት ላይ አደርገዋለሁ አለች። ፓውደሩን ተዪው እንጂ አልኳት፣ ያለ ፓውደር ከበራ ማሽኑን እኔ ራሴ እይዝልሻለሁ። ያለ ፓውደር እንደማይበራ ታውቃለች።

ከዚያ ጮኸች። እናንተ ደመወዝ አላችሁ አለች። እኔ ምን አለኝ? ሦስት ዓመት የሰው ሽንት ቤት አጥቤ ያመጣሁት ይኼን ነው። ሀያት ሐሙስ ናት፣ ለሰርጓ የሚመጣ ሰው ሁሉ ያያታል፣ ከሷ በኋላ ከሚሴ ሙሉ ደንበኛዬ ነው። ፓውደሩንስ ማን አሰበው?

 ወጣሁ። ወላሂ እወዳታለሁ፣ አሳዘነችኝ፣ ፀጉሯንም ይዤ ግድግዳ ላይ ባጋጫት ደስ ይለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ለሀያት ሦስቴ ደወልኩ። አታነሣም። ብታነሣስ ምን ልላት? ተይ ብላት ለምን ትለኛለች። ስላላመረብኝ ብላት አሳዪኝ ትላለች። ካየች እናቷ ሰማች። እናቷ ከሰማች አህመድ ሰማ።

ሌላ ሰው ልላክ? እናቴን? አያምኗትም፣ ልጇ ብቻ እንድታምር ብላ ነው ይላሉ። ዘምዘም ሩቂያን ጠይቂ ብላለች፤ ሩቂያ ራሷ ካልሄደች።

ጥር እኮ ሩቅ አይደለም። ብዙ ሜካፕ አለ፣ ኒቃብ አለ። እስኪለቅ እየሸፈንኩ እችላለሁ። ሀያት ብትሆን የራሷ ፊት ነው። እንዲህ አሰብኩ። ጻፍኩት፣ ለምን እደብቅሻለሁ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8፤ ከጨፋ ሮቢት ስመለስ

ሄድኩ። ት/ቤት አስፈቀድኩ፣ ጥርሴን ነቀሉኝ ብዬ። የሮቢት ገበያ ቀን ስለሆነ ሚኒባሱ ማሽላ በጫኑ ሰዎች ተጨናንቋል። በኒቃብ ውስጥ ላብ ያቃጥለኛል። ሁለት ጊዜ ወራጅ ልል ነበር።

የአህመድ እናት እልል ብላ ተቀበለችኝ። አካም ነጉማ፣ ግቢ ልጄ፣ እርጎ ይምጣላት። ሴት ብቻ ነን፣ ግለጪ እንጂ አለችኝ። ሀያት ከጓዳ ወጣች። ገለጥኩ።

  ሱብሃነላህ አለች እናቷ፣ ቀስ ብላ። እኔ ሀያትን ነው የማያት። ጠፍቷል ያልኩሽ እውነቴን ነው፣ ይኸው ግን ሌላው አልኳት። ጣቴን ነጯ ላይ አድርጌ። ያንቺ ከኔ ይብሳል፣ ዶ/ሩ ነው ያለው፣ ነገ እንዳትሄጂ። ስለ ፓውደሩም ነገርኳት፣ የኔ ሐሳብ እንደነበር ሳይቀር። ሀያት ቀርባ ነካችኝ።  ያማል? አለችኝ። አያምም አልኩ። አንገቴን አቅፋ አለቀሰች።

አትሄድም። በአላህ ስም ምላልኛለች።

እናቷ መረቀችኝ። ልጄን አተረፍሽልኝ፣ አላህ ያትርፍሽ። እርጎውን አስጠጣችኝ፣ ለእናቴ ቅቤ ቋጠረች፣ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ።  ሚኒባሱ ሲመጣ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። እስከ ጥር ይለቃል?

አይለቅም አልኩ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ሽማግሌዎች መጡ። ያኔ እኔን ለመጠየቅ የመጡት ራሳቸው። አሰላሙ ዓለይኩም፣ ቤት ለእንግዳ፣ ሁሉ በወጉ። ስለ ዝናቡ ተጫወቱ። ስለ መውሊዱ ተጫወቱ። ከዚያ ትልቁ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለት ድግስ በአንዴ ከበደን። የሀያት ይቅደምና የአህመድና የሩቂያ ይቆየን።

እናቴ እስከ መቼ? አለች።

አላህ እስካለው።

ስለ ፊቴ አንድ ቃል አልተነሣም። በጣም ጨዋዎች ናቸው። ዱዓ አድርገው፣ ጫማቸውን አድርገው ሄዱ። እናቴ የበሉበትን ሳህን ስታጥብ አንዱን ሰበረች። የአህመድን ዘመዶች ሁሉ በኦሮምኛ ስትረግም ሰማኋት፣ በሕይወቴ የማላውቀውን ስድብ።

እኔ ምንም አልሆንኩም። ፈተና አረምኩ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13፤ 12 ሰዓት ከምሽቱ

አህመድ ደወለ። ከቅዳሜ ጀምሮ የጠበቅሁት። ድምፁ የታመመ ሰው ይመስላል። ስለ ሀያት አመሰገነኝ። ቤቱ ሁሉ እንደሚያመሰግነኝ ነገረኝ። ጺሙ ምንም አይደል ነበር፣ ብትነግሪኝ ኖሮ አለ። ይህን ሲል ተቀመጥኩ።

ሰርጉ የቆየው በእናቱ ምክንያት ነው አለ። ሰው ምን ይላል ብላ። እሱ ይጠብቃል። ስትድኚ፣ ሲለቅልሽ፣ ወዲያው አለ። ስንት ጊዜ ቢፈጅ።

ጥቁሩ ይለቃል አልኩት። ነጯ ባትለቅስ?

 ኔትወርኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ሃሎ አልኩ። ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት፣ ሰዓቱ ይቆጥራል። መልሼ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ሲተነፍስ ይሰማኛል። ጠበቅሁት። ብዙ ጠበቅሁት። ከዚያ አላህ ያውቃል አለ።

ደህና እደር አልኩትና ዘጋሁት።

አሁን ነው ያለቀስኩት። የዛሬው ከሁሉም ይበልጣል፣ ከማሽኑም ይበልጣል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14፤ ጧት

ወሰንኩ። እጽፋለሁ፣ እንዳልመለስበት።

ከነሱ ቤት የመጣልኝ ልብስ ሁሉ ሻንጣ ውስጥ ገብቷል፣ ቀሚሱም፣ ጫማውም፣ ሽቶውም። አጎቴ ረቡዕ ገበያ ሲወጣ ያደርስልኛል። አህመድ ተመለሽልኝ ብሎ ቢደውል አላነሣም። ይቅር ብዬዋለሁ፣ ግን ጧት ጧት ፊቴ ላይ ነጯን እየፈለገ እንዲነሣ አልፈልግም። እናቴ አስቢበት እንጂ ልትል ጀምራ ተወችው።

ሌላም። ጥርሴን ነው ማለት ይብቃኝ። ዛሬ ሂጃቤን ከአገጬ ሥር ነው የማስረው፣ እንደ ድሮው። ለፀሐዩ ጃንጥላ እይዛለሁ። ር/መምህሩ ሊያፈጥ ነው። ያፍጥ። ዘምዘም አሁንም ደንበኛ ትጠብቃለች፣ የኔን ስም እየጠራች ነው አሉ፤ እንግዲህ የሚጠይቀኝ ሰው ከፊቴ ያንብበው። ከሚሴ ትንሽ ከተማ ናት፣ እስከ ቀትር ይዳረሳል።

የምፈራው ልጆቹን ነው። አዋቂ አይቶ እንዳላየ ያልፋል፣ ልጅ አያልፍም። ገና ስገባ ቲቸር ምን ሆነሽ ይሉኛል። አንዷ ደግሞ መጥታ ትነካኛለች፣ አውቃታለሁ። ደፍሬ እነግራቸዋለሁ። እንዲህ ብዬ ነው የምጀምረው፦ ልጆች፣ መልኬን የሚያውቅ አንድ ማሽን ነበር፣ እኔ ግን ዓይኑን ሸፈንኩበት።